ባዶ እጃችሁን ኑ

ባለቤቴ ኦላና ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ዳያሊሲስ ይሄዳል። ፖታሲየም ከበዛብህ ልብህን ቀጥ ያደርግብሃል ብለውታል። የኛ ቸርች ሰው ደግሞ በሽተኛ ሲጠይቅ ምን ይዞ ይመጣል? ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የአቮካዶ ጁስ። ሁሉም ፖታሲየም የታጨቀበት ነው። ኦላና ግን ሰው ከሚያስቀይም ቢሞት ይመርጣል። እማማ አሰለፈች ከአስፐን ሂል ድረስ በባስ ተሸክመው ያመጡለትን ጁስ ፊታቸው ጭልጥ አደረገው። በማግስቱ ኢመርጀንሲ ገባ።

ሲወጣ የቤት ኅብረታችን ግሩፕ ላይ ቴክስት አደረግኩ። "ወገኖቼ፣ ባዶ እጃችሁን ኑ፤ ፍራፍሬ አይሆነውም።" ሁሉም "አሜን እህቴ" አለ። ከዚያ ወዲያ ዝር ያለ የለም። ለካ ባዶ እጁን በሽተኛ ቤት የሚገባ ሰው የለንም! ኮል ያደርጋሉ፣ "እየጸለይን ነው" ይላሉ፣ በቃ።

ኦላና ሶፋው ላይ ሆኖ በሩን ያያል። እኔ ከሥራ እመጣለሁ፣ አበስላለሁ፣ እሱን አመላልሳለሁ፤ ወሬ የማወራበት አቅም ከየት ይምጣ? ዓርብ ከዳያሊሲስ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ከቡ፣ ሰልችቶኛል። ከሰኞ ጀምሮ አልሄድም" አለኝ። ካልሄደ እንደሚሞት እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ልቆጣው ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ።

ቤት አስገብቼው ዳያሊሲስ ቦታ ላለችው ዳይቲሽያን፣ ለምግብ አማካሪዋ፣ ደወልኩ። "ሰው ለዚህ ሰውዬ ምን ይዞ ይምጣ? ማር ቢሆንስ?" አልኳት።

"ስኳር በሽታ የለበትም" አለችኝ። "ማር ውስጥ ያለው ፖታሲየም ትንሽ ነው። ነጭ ዳቦ ላይ ቀባ እያደረገ፣ በልኩ ይብላ።"

ወዲያው ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። "ለኦላና ማር ተፈቅዶለታል።"

እሑድ ከቸርች መልስ በራችን ተንኳኳ። እማማ አሰለፈች ማር በፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። ከኋላቸው የኅብረቱ ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ያው ሁሉም ማር ነው የያዘው። "እኔን ይድፋኝ ልጄ፣ ባዶ እጄን በምን ዓይኔ ልይህ?" አሉና አቀፉት። ጸለዩለት፣ እየተቀላለዱ አመሹ። ኦላና ማር የነካው ጢሙን እየጠረገ ሲስቅ ሰማሁት። ስንት ጊዜዬ ነው ያን ሳቅ ከሰማሁ!

ሸኝቻቸው ስመለስ ማሩን የት እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። ኦላና ከሶፋው ጠራኝ።

"ከቡ፣ ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትወስጂኝ?"