ባዶ ክፍል ውስጥ የማይጮህ ወለል

«ለመላው የከተማችን ነዋሪ! ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በአንደኛ ‹ለ› ክፍል ሦስተኛ መደዳ የሚገኝ የአንድ ዴስክ የኋላ ግራ እግር ወለሉን በስቶ አራት ጣት ያህል መስመጡን ስናስታውቅ ከታላቅ አክብሮት ጋር ነው። በዴስኩ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።»

እንዲህ ብሎ ያወጀ ሰው እርግጥ አልነበረም። ቢኖር ዋርፋ በወደደ። ዋርፋ የትምህርት ቤቱ አናጢም ዘበኛም ነው፤ ዴስኩን ነቅሎ አወጣና ቀዳዳው ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ መታበት። ከዚያ ካቻቪቴውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ጣውላውን ወጋ አደረገው። እስከ እጀታው ገባ። እንጨት እንዲህ አይወጋም፤ እንዲህ የሚወጋው ዳቦ ነው።

ሕንፃው ከምድር ባቡር ዘመን የተረፈ ነው። ወለሉ መሬት ላይ አልተነጠፈም፤ አግዳሚ እንጨቶች ተሸክመውት፣ ከሥሩ ለሰው ደረት የሚደርስ ባዶ ጉድጓድ አለ። ዋርፋ በወጣትነቱ በባቡሩ ወርክሾፕ እንጨት ሲልግ የኖረ ሰው ነውና፣ በግድግዳው ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በደረቱ ተስቦ ገባና በባትሪ አየ። ምስጥ ጨዋ ነው፤ ውስጡን በልቶ ቀለሙን ለባለቤቱ ይተዋል። አግዳሚዎቹን ሲነካቸው እጁ ላይ እንደ ዱቄት ቀሩ።

መርማሪ አልመጣም እንዳይባል መጥቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ሰዎች ቅጽ ይዘው ደርሰው ነበር። እንደ ደንቡ ተማሪው ሁሉ እንግዳ ሊቀበል ሜዳ ላይ ተሰልፎ ስለነበር፣ ሰዎቹ የተራመዱት ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉም ሽማግሌ ፊት እንደቀረበች ልጃገረድ ዝም አለ። ቅጹ «ወለሉ መቀየር ያለበት መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅና ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ሲደበዝዝ፣ ለጽዳት ሲያስቸግር፣ በጀት ሲፈቀድ። «ልጆቹን ይዞ ከመውረዱ በፊት» የሚል ሳጥን የለውም። ወለሉ ከአሥር ሰባት አገኘ። የቡድኑ መሪ ፈረሙ፣ ርእሰ መምህሩ አቶ ዓለምሰገድ ፈረሙ፣ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ሙኒያም ፈረመች። ሙኒያ ቋሚ ለመሆን ሁለት ወር ይቀራታል። «ፎርማሊቲ ነው» ተብሎ የተሰጣትን እስክሪብቶ የምትመልስበት ጉልበት ከየት ታመጣለች?

ዋርፋ የሚያውቀው፣ ቅጹ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ያ ወለል ባዶውን አይጮህም። የሚጮኸው ሰው ሲገባና ስልሳ ሁለት ልጆች ለሰላምታ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲሉ ነው። ያኔ ከግድግዳው ውጪ ቆሞ ያዳመጠ ሰው፣ ከሥር እንደ ታመመ ግመል የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል። ሐሙስ ደግሞ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ልጆቹ ብድግ ብለው፣ እያጨበጨቡና እግራቸውን እየመቱ እንዲዘምሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ ከርመዋል።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ገባ።

«ዓለምሰገድ፣ ልጆቹ ነገ እንዳይነሱ። ቁጭ ብለው ሰላም ይበሉ።»

ድሬ ዳዋ ውስጥ «እርስዎ» እንደ በረዶ ነው፤ ከሌላ አገር ይመጣል፣ ሳይውል ሳያድር ይቀልጣል። አቶ ዓለምሰገድ ግን ከመጡ ሦስት ዓመታቸው፣ አንድም ጠብታ አላንጠባጠቡም።

«አንቱ ማለት ይህን ያህል ይከብድዎታል፣ አቶ ዋርፋ?»

«አቦ፣ አንተንም አንቱንም ወለሉ አይሸከምም!»

«እንግዳ ሲገባ ቁጭ? ባለጌ ኮትኩተው አሳደጉ ይበሉን?»

«እሺ ሌላ ክፍል አስገባቸው።»

«ቀለም የተቀባው እሱ ብቻ ነው።»

«ከሥር ገብቼ አይቻለሁ እኮ። ወላሂ፣ ዱቄት ነው።»

«ሰባት ያገኘ ወለል ነው። ሰባት ያገኘ ተማሪም ያልፋል።»

«ያልፋልማ፤ ወደ ታች!»

አቶ ዓለምሰገድ አልሳቁም። ዋርፋም ሊያስቅ ብሎ አልተናገረም፤ ወጣ።

ሙኒያ በረንዳው ላይ ጠበቀችው። ተማሪዎቿ እንደሚጠሩት አዴር ትለዋለች፤ አጎቴ እንደማለት ነው።

«አዴር፣ ወለሉ ሲያቃስት እኔም ሰምቼዋለሁ። ልምምዱ ላይ። ከፈረምኩ በኋላ ነው የሰማሁት።» ዓይኗ ቀልቷል። «ልናገር ብል ‹ታዲያ ለምን ፈረምሽ?› ይሉኛል። እናቴና ሁለት ወንድሞቼ እኔን ነው የሚያዩት። ግን ልጆቹስ? በቃ፣ እናገራለሁ።»

«ተይው።»

«እንዴት ልተወው?»

«አቦ ተይው አልኩሽ!» አላትና ሄደ። ምሳ የጋበዘውን የሻይ ቤቱን ሰውዬ እንኳ ተቆጣው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ግቢው ውስጥ ከቁራዎች በቀር ነፍስ ሳይኖር፣ ዋርፋ የአንደኛ ‹ለ›ን በር ከፈተ። ሃያ አንዱን ዴስክ አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን እየተጠጋ አወጣና የኒሙ ዛፍ ሥር ደረደረ። ከዚያ ደፉ ላይ ቆሞ ድጅኖውን አነሳ። አንድ አለ። ሁለት አለ። በሦስተኛው የክፍሉ መሐል ረጅም ትንፋሽ አወጣና ከነአዲሱ ቀለሙ ቁልቁል ወረደ። አቧራው እስከ ጣሪያው ወጣ። ዋርፋ የበሩን መቃን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ጉድጓዱን አየ። የልጆቹን ቁመት አሰበና ደፉ ላይ ተቀመጠ።

እንግዶቹ መጡ። ልጆቹ ዛፉ ሥር ብድግ ብለው ዘመሩ፣ እግራቸውን መቱ፤ መሬቱ ቻላቸው። ከእንግዶቹ አንዱ «ክፍት አየር ላይ የማስተማር ግሩም ተሞክሮ» ብለው ማስታወሻ ያዙ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አቶ ዓለምሰገድ ዋርፋን አስጠሩት። ጠረጴዛው ላይ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነበር፦ የመንግሥትን ንብረት ሆን ብለው ያወደሙበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያብራሩ። እሳቸውም ወዛቸው ጠፍቶ ነበር፤ ጉድጓዱን ሄደው አይተውታል።

«አቶ ዋርፋ፣ ከሥራ ሊያስወጣዎት ይችላል» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ነገር ይጻፉ። ወለሉ በስብሶ ነበር ካሉ ግን፣ ማን ነው ደህና ነው ብሎ የፈረመው መባሉ አይቀርም። ሦስት ፊርማ አለበት።»

«አውቃለሁ።»

ሙኒያ የስም መጥሪያውን መዝገብ ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ዋርፋ ዞር ብሎ አያት፤ ዘጋችው።

«ታዲያ ለምን አፈረሱት? ለበላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

ዋርፋ ደብዳቤውን ሳይነካው ወደ አቶ ዓለምሰገድ መልሶ ገፋው።

«አላብራራም።»