የእስስቱ ቤት ልክ

መጋረጃ ሰፊዋ እስስት ታሳድጋለች ሲባል የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ክው ይል ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰበብ ፈልጎ ለማየት ይመጣል። አንዱ መጋረጃ ላሳጥር ብሎ፣ ሌላዋ ክር ላውስ ብላ። እሷም ታሳያለች። ምን ታድርግ፣ ሰው ሲባል ጉድ ማየት ይወዳል። እንስሳውን የሰጠቻት ደንበኛዋ የነበረች አንዲት አስተማሪ ናት። ሥራ ተቀይራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ «መንገዱን አይችለውም፣ ለጊዜው አንቺ ጋ ይቆይ» ብላ ከነመስታወት ሣጥኑ ትታው ሄደች። በዚያው ቀረች። እስስቱም በዚያው ቀረ።

ስሙን ኮሚቴ አለችው። ሁለቱ ዓይኖቹ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ አንደኛው ጣሪያ ሲያይ ሌላው በር በሩን ያያል። አንድ እርምጃ ለመራመድ ደግሞ እግሩን አንሥቶ፣ ወደፊት ወደኋላ እየተወዛወዘ ጉዳዩን ያጠናል። «ውሳኔ ላይ ሲደርስ ቀስቅሱኝ» ይል ነበር ወንድሟ፣ ከሥራ መጥቶ ሶፋው ላይ ሲጋደም።

ወንድሟ ማሙሽ ይባላል። እሷ ናት እንጂ እንዲህ የምትለው፣ ሰውየው በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና የጫማውን ክር ማሰር አይችልም ነበር። እሷ ትምህርቷን ትታ መርፌ ጨበጠች። አጠበችው፣ አበላችው፣ አስተማረችው። ለትዳር የጠየቋትንም «ልጁ ይደግ» እያለች መለሰች። ልጁ አደገ። በርና መስኮት የሚገጥም የአሉሚኒየም ባለሙያ ሆነ፤ ጎበዝ ባለሙያ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። እስከ ዛሬ «እታለም» ነው የሚላት፤ ሰፈሩም ከእሱ ተቀብሎ እታለም ይላታል። አሁን እጮኛ አለችው፣ ሰርጉም ተቃርቧል። እታለም ከሙሽራዋ ብሳ ቸኩላለች። ወላጆቻቸው ለሁለቱም የተዉላቸው ቤት ጠባብ አይደለም፤ ሰፊውን የኋላ ክፍል ለሙሽሮቹ ለቅቃ እሷ ወደ ትንሿ ልትዛወር፣ መጋረጃውን እንኳ ሰፍታ ሰቅላ ጨርሳለች።

ኮሚቴ ግን መስታወቱ ውስጥ አልተመቸውም። ጠዋት አረንጓዴ የነበረው ጌታ ከሰዓት በኋላ ከሰል ይመስላል። አፉን ይከፍታል፣ መስታወቱን ይቧጥጣል፣ ፌንጣ ብትሰጠው ፊቱን ያዞራል። ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰደችው። ሐኪሟ አገላብጣ አየችውና ምንም ሕመም የለበትም አለች።

«ያመመው ቤቱ ነው» አለቻት። «መስታወቱ ላይ የራሱን መልክ ያይና ሌላ እስስት ቦታውን ሊቀማው የመጣ ይመስለዋል። አየርም አይገባለትም። ዙሪያውን ወንፊት የሆነ ቤት ያሠሩለት። ደግሞ ቁመት ይኑረው፤ እስስት ኑሮው ወደ ላይ ነው። ከሰው ዓይን በላይ ካልወጣ ልቡ አያርፍም።»

«ምን ያህል ይሁን ዶክተር?»

«ወርዱ ስልሳ በስልሳ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ። ይህ እንግዲህ ትንሹ ነው። ቦታ ካለዎት ይጨምሩለት፤ ቤት ሰፍቶት የታመመ እስስት እስካሁን አልመጣብኝም።»

እታለም እየሳቀች ወጣች። አሉሚኒየም ሠራተኛ በቤቷ እያለ «ያሠሩለት» ትባላለች!

ማሙሽ ከሥራ እንደገባ እጁን ይዛ ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ አጠገብ ወስዳ አቆመችው። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

«እዚህ ጋ» አለችው። «ወርዱ ስልሳ፣ ቁመቱ ከወለሉ እስከዚህ።» እጇን ከራሷ በላይ ዘረጋች።

ማሙሽ ጥጉን ቀና ብሎ አላየውም። «ይሄ ሁሉ ለምኑ ነው እታለም? እንስሳው እኮ ክንድሽን አያክልም። ትልቅ ቤት ብትሰጪው ይጠፋበታል። ምግቡን አያገኝም። ይፈራል።»

«ሐኪሟ ናት ያለችኝ።»

«ሐኪሟ መርፌዋን ትውጋ። ቤት የምሠራው እኔ ነኝ። ወርዱ አርባ፣ ቁመቱ ሰባ ይበቃዋል። ላዩ ላይ ደግሞ እጀታ አደርግልሻለሁ።»

«እጀታ ለምን?»

«ልታጸጂው ወደ ውጭ ስታወጪው እንዳይከብድሽ ነዋ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ማሙሽ ሳይለካ ውሃ የሚጠጣ ሰው አይደለም። ቀበቶው ላይ የምትንጠለጠል ሜትር አለችው፤ የጎረቤት በር ገርበብ ብሎ ካየ አውጥቶ ሳይለካ አያልፍም። ያን ቀን ሜትሯ ከቀበቶው አልወረደችም። ቁጥሩን ከሆነ ቦታ ይዞት መጣ። እታለም አይታለች፤ ግን የሚያምኑትን ሰው ማን ይመረምራል? «ከእኔ እሱ ያውቃል» አለች። ለእንስሳዋ እንዲህ መጨነቁ እንዲያውም ሆዷን አባባው።

ቤቱ በቀናት ውስጥ ደረሰ። ያምራል፤ ማዕዘኑ የተገጠመ፣ ወንፊቱ የተወጠረ፣ በሩ ድምፅ የማያሰማ። ኮሚቴ ገባና ቅርንጫፉን ይዞ መውጣት ጀመረ፤ ገና ጉዳዩን አጥንቶ ሳይጨርስ አናቱ ጣሪያ ነካ። ከላይ የማሞቂያ መብራቱ ያቃጥለዋል፣ ወርዶ እንዳይቀዘቅዝ ታቹም ያው ሙቀት ነው። ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ጥቁር እንዳለ ውሎ ጥቁር እንዳለ ያድራል። እታለም አንጀቷ አልችል ቢላት ለሐኪሟ ደወለች።

«ይህማ የሕፃን እስስት ቤት ነው» አለች ሐኪሟ። «ማን ነው እንዲህ ይሁን ያለዎት?»

እታለም ወንድሟን አሳልፋ መስጠት አልፈለገችም። «ቦታ ጠቦን ነው» ብላ ዋሸችላት።

በሳምንቱ ማሙሽ ቁርስ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ «የአጎታችን ሚስት የወገቧ ሕመም ጸንቶባታል። እሑድ ሄደሽ ብትጠይቂያት?» አላት። «ጥቂት ቀንም ሰንብቺ፤ ደስ ይላታል። ኮሚቴንም ያዢው፤ እኔ ፌንጣ ማብላት አልችልበትም።»

ሄደች። አጎታቸው የሚኖረው ከከተማው ዳር ነው። መንገዱን ሙሉ የኮሚቴን ቤት በእጀታው አንጠልጥላ፣ ታክሲ ስትገባና ስትወርድ «እንኳን እጀታ አደረገለት፣ ልጄ ይባረክ» እያለች ነበር። ይህን ሲያስቡት ያናድዳል፤ እየመረቀችው ነው የሄደችው።

የአጎቷ ሚስት ግድግዳ ተደግፋ እየተራመደች ተቀበለቻት። ሳመቻት፣ አገላብጣ ደግማ ሳመቻትና በቀጥታ ወደ ጓሮ ክፍል መራቻት። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ ተነጥፏል። በመስኮቱ ሥር ግድግዳውን ታክኮ ባዶ ቦታ ተትቷል። በአልጋው ራስጌና በግድግዳው መካከል ደግሞ አዲስ የአሉሚኒየም መቆሚያ አለ፤ እግሮቹ ጥቁር ጎማ ተጫምተዋል። የማሙሽ እጅ ነው። እታለም የትም ብታየው ታውቀዋለች።

«እዚያ ላይ አስቀምጪው እንጂ» አለቻት ሴትየዋ። «ለእሱ አይደል የተሠራው።»

አስቀመጠችው። ከግራ ጣት አያስገባ፣ ከቀኝ ጣት አያስገባ። ከላይ ካለው መደርደሪያ ሥር ልክክ ብሎ ገባ።

«አይ የወንድምሽ ሙያ!» አለች የአጎቷ ሚስት። «መጥቶ ክፍሏን አንድ በአንድ ለካት። አልጋውን፣ የስፌት ማሽንሽ የሚገባበትን፣ የእንስሳሽን ሳይቀር። እህቴ የምትኖርበት ነው፣ ምንም እንዳይጎድልባት አለን። ታድለሻል ልጄ። እኔም ከእንግዲህ ብቻዬን መዋል ቀረልኝ።»

«መቼ ነው የለካው?»

«ኧረ ቆየ፤ ሰርጉ የተቆረጠ ሰሞን ነው። እሷም ለሙሽሮቹ ልልቀቅላቸው ብላለች፣ ደስ ብሏታል አለን።» ሴትየዋ ፊቷን አየቻትና ድምጿ ቀነሰ። «ምነው? አንቺ አይደለሽም ያልሽው?»

እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ወገቧን ለያዛት ሴት ምን ትመልስላታለች? «መንገዱ አድክሞኝ ነው» አለቻት።

ብቻዋን ስትቀር ነገሩን ወደኋላ መተርተር ያዘች። ሰርጉ የተቆረጠ ሰሞን። ሐኪሟ ዘንድ ከመሄዷ በፊት። የኋላውን መጋረጃ እየሰፋች «ይህ ቀለም ሙሽራዋን ደስ ይላት ይሆን?» ብላ ስትጠይቀው እሱ ይህችን ክፍል ለክቶ ጨርሷል። «ጨምሪልኝ» እያለ ሲበላ ለክቶ ጨርሷል። ውሳኔ ላይ ሲደርስ ቀስቅሱኝ እያለ ሲያስቃት ውሳኔው አልቆ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ትሰማ ነበር፤ አወዳደቁ እንዲህ ድምፅ የሌለው መሆኑን ግን አልነገሯትም። በሩን ከፍቶ ውጪልኝ ቢላት ይሻላት ነበር። እሱ ግን እያሳሳቀ፣ እንደ ውሃ ወሰዳት። ያን ሁሉ ዘመን ደክማ እጇ አመድ አፋሽ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ፒካፕ መኪና በር ላይ ቆመ። ማሙሽ ወረደ። ኋላው ላይ የስፌት ማሽኗ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ በገመድ ታስሮ ቆሟል።

«እንዳታወርደው» አለችው ከደጅ።

«እታለም...»

«ሰው ለመጠየቅ ነው የመጣሁት አይደል? ሰው ሲጠየቅ ማሽን ይጫናል እንዴ?»

ማሙሽ መሬት መሬት አየ። ያ ሁሉ ቁመት የትም አላደረሰውም። «ልነግርሽ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። እጮኛዬ ከእህትህ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልገባም አለች። ምን ላድርግ?»

«ብትነግረኝ ምን እል ነበር?»

«እሺ ትዪ ነበር» አለ፤ እውነቱን ነው። «እሺ ብለሽ ደግሞ ተደብቀሽ ታለቅሻለሽ። እሱን ማየት አልችልም።»

«እሱን ላለማየት አታለልከኝ።»

«ለአንቺው አስቤ እኮ ነው! ምን ጎደለሽ? አልጋሽ፣ ማሽንሽ... ለእንስሳሽ እንኳ መቆሚያ ሠራሁ።» እጁን ወደ ክፍሏ ዘረጋ። የሚያቃጥለው ደግሞ ከልቡ መሆኑ ነው፤ እንድታመሰግነው ይጠብቅ ነበር።

«ሐኪሟ ስልሳ አለች፣ እኔም ስልሳ አልኩህ» አለችው። «ትልቅ ቤት ያስፈራዋል አልከኝ። ያን ምስኪን በዚህች ሣጥን ውስጥ ሲጠቁር ቁርስህን እየበላህ አየኸው። አልራራህም። እኔ ደግሞ ሐኪሟን ዋሸሁልህ። ለአንተ ብዬ ዋሸሁ፣ ማሙሽ!»

ማሙሽ ማሽኑ የታሰረበትን ገመድ መነካካት ያዘ። እሷም እንባዋን አልደበቀችም፤ ለምን ትደብቃለች?

«ልጁ ይደግ ብዬ የተውኩትን አንድ ቀን ቆጥሬብህ አላውቅም፤ ዛሬም አልቆጥርም። ከቤቴ ግን አልወጣም። ቤቱ የሁለታችን ነው። ሙሽራህ ከገባች እንኳን ደህና መጣች። አልገባም ካለች ኪራይ ፈልግላት። በል ማሽኔን መልስ።»

በዚያው መኪና ተመለሱ። ኮሚቴ እሷ ጭን ላይ ነበር። ማሙሽ እቃውን አውርዶ ወጣ፣ ለጊዜው ጓደኛው ዘንድ አደረ፣ እዚያው ሰነበተ።

እታለም ከማሙሽ ሱቅ ፊት ለፊት ወዳለው አሉሚኒየም ሠራተኛ ሄደች። ማሙሽ «ቆርቆሮ ቀጥቃጭ» እያለ የሚያሾፍበት ሰውዬ ነው። ሰውየውም መጣ፣ ለካ፣ ሠርቶ አቆመው። አሁን በሳሎኑ ጥግ ከወለል ተነሥቶ ጣሪያ ሊነካ ምንም የማይቀረው የወንፊት ቤት አለ። ውስጡ ቅጠል በቅጠል ነው። ኮሚቴ ከእታለም ራስ በላይ ወጥቶ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ አንዱን ዓይኑን ወደ መንገዱ ልኮ ይውላል። እሷም ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ምሳ ስትሠራ እጇ ለሁለት ሰው ይሰፍራል፤ ከዚያ ትዝ ሲላት የተረፈውን ከድና ታስቀምጣለች። ቤቷን አላጣችም። የጎደለው ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ ከማን ተሟግታ ታስመልሳለች?

አንድ ቀን ማሙሽ የሥራ ልብሱን ሊወስድ መጣ። ሳሎኑ መሐል ቆመና አዲሱን ቤት ከታች እስከ ላይ አየው። ልማዱ አልለቀው ብሎ ማዕዘኑን በጣቱ ዳሰሰ።

«መጋጠሚያው ክፍተት አለው» አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ የተከፋ ልጅ መሰለ። «ለእኔ አትነግሪኝም ነበር? እኔ አልሠራልሽም? ማን ነው የሠራው?»

«ባዳ ነው» አለችው። «መጀመሪያ የት እንዲሆንልዎ ይፈልጋሉ ብሎ ጠየቀኝ።»