በሰላም አርፈዋል

ካፒቴን ደጊቱ ሂርጳ መሞቷን የሰማችው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ክንፍ ሥር ቆማ፣ ከበርሜል በእጅ ፓምፕ የሚቀዳውን ነዳጅ እየተቆጣጠረች። ረዳት አብራሪዋ ሚፍታህ ስልኩን ዘርግቶ መጣ። ፊቱ ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አልለየለትም።

«ካፒቴን፣ ቁጭ ብለው ቢያነቡት ይሻላል።»

«ምን ላይ ልቀመጥ? ጎማው ላይ?»

ቆማ አነበበችው። የአብራሪዎች ማኅበር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። ማኅበሩ በውድ አባሉ በካፒቴን ደጊቱ ሂርጳ ዜና ዕረፍት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ካፒቴን ደጊቱ ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በትውልድ ከተማቸው አሶሳ በሰላም አርፈዋል።

«የውጭ ሀገሩ የት ይሆን?» አለች።

«እ?»

«የታከምኩበት። ሐኪም ያየሁት ባምባሲ ነው፤ ያውም ጥርስ ለማስነቀል። የተወለድኩትም እዚያው ነው። አሶሳ አሉኝ።»

«አርፈዋል» የሚለውን ቃል ቤቷ ውስጥ አንድ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ስለ ባሏ። ያን ጊዜ ስሕተት አልነበረበትም። ስልኩን ለሚፍታህ መለሰችለትና የነዳጁን ልክ ለማየት ዞረች።

ነገሩ በሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ተሳስቀው ያልፉት ነበር። ግን ቅዳሜ የማኅበሩ ምርጫ ነው፤ ደጊቱ ደግሞ ለሊቀመንበርነት ዕጩ ናት። በማኅበሩ ዕድሜ ከአዲስ አበባ ውጭ የተቀመጠ ዕጩ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚበሩት አባላት የክልሎቹን አብራሪዎች «የባጃጅ ክፍል» ይሏቸዋል። በፊታቸው አይሉም፤ በፊታቸው «የጀርባ አጥንታችን» ነው የሚሏቸው። የጀርባ አጥንት በስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ሊቀመንበሩ አሶሳን የረገጡት አንድ ጊዜ ነው፤ የአባላትን ችግር ለማዳመጥ። ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሁለት ጆንያ ማንጎ ይዘው ተመለሱ። ችግሩን አልያዙትም፤ ጭነት በዝቶባቸው ይሆናል።

ችግሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከአንድ መስመር ይወጣል። ማኅበሩ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከአየር መንገድ ድርጅቱ ጋር በፈረመው ስምምነት ላይ «የአብራሪው ዕረፍት አውሮፕላኑ ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠራል» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ደህና ነው፤ ካፒቴኑ ይወርዳል፣ መኪና በር ላይ ይጠብቀዋል። አሶሳ ላይ ግን አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ አብራሪዋ ነዳጅ ታስቀዳለች፣ ነፋስ እንዳይገለብጠው በገመድ ታስራለች፣ የተሳፋሪና የጭነት ፎርም ትሞላለች፣ ከከተማ ባጃጅ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ሦስት ሰዓት አለፈ። በወረቀት ላይ ግን ሦስት ሰዓት ተኝታለች። ንጋት ላይ እንደገና ወደ ጉባ፣ የግድቡን ሠራተኞች ይዛ።

ድርጅቱ እንኳ ከዓመት በፊት ጽፎ ነበር፤ ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባኤ ወስኖ ከጠየቀ መስመሩን ለማስተካከል አንቃወምም ብሎ። ማኅበሩ እንደማይጠይቅ ስለሚያውቅ ቸርነቱ አላስጨነቀውም።

ደጊቱ ለዕጩነት የተነሣችው ለወንበሩ ብላ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከጉባ ስትመለስ፣ ከዳቡስ ወንዝ በላይ፣ ዓይኗን ገለጠች። መክደኗን አላስታወሰችም። ሰዓቷን አየች፤ አራት ደቂቃ ጎድሏል። ወደ ቀኝ ዞረች። ሚፍታህ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ከኋላ አሥራ አንድ ሠራተኞችና ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበሩ፤ ሕፃኑ ብቻ ነቅቶ ነበር። ሚፍታህን ትከሻውን ነካ አደረገችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያ መስመር ካልተቀየረ ግን እንደገና እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

የሞቷ ምንጭ ብዙ ሳይፈለግ ተገኘ። የጣቢያው ሠራተኛ ረጀብ ነበር። ረጀብ የሆሞሻ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ፤ አማርኛን የተማረው ትልቅ ሆኖ ነው። ወንድና ሴትን ሲያናግር ይቀላቅላል፤ ደጊቱ ማረሙን ከተወችው ቆይታለች። ማክሰኞ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መልእክት መጥቶለት ነበር፤ ዕጩዋ በስልክ ገለጻ ላይ መሳተፍ ነበረባት፤ የት ናት? ረጀብም መለሰ፦ «ካፒቴን ደጊቱ ዛሬ 9:20 አሶሳ በሰላም አርፈዋል። ዝናብ ነበር።»

«ወላሂ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ረጀብ። «በሰላም አላረፍክም እንዴ?»

«አውሮፕላኑ ነው የሚያርፈው፣ ረጀብ። ሰው ካረፈ ሞተ ማለት ነው።»

«አውሮፕላን ሲያርፍ አንተ ውስጥ አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያ አብራችሁ አረፋችሁ! አንተ ካፒቴን፣ አማርኛ ነው የተበላሸ፤ እኔ አይደለሁም።»

ደጊቱ ስልኳን አወጣች። ወደ ማኅበሩ ደወለች። የማኅበሩ ጸሐፊ አነሣ።

«ደጊቱ ሂርጳ ነኝ፤ ከአሶሳ።»

ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እህታቸው ነዎት?»

«ራሴ ነኝ።»

«ድምፅዎ በጣም ይመሳሰላል።»

«እንዴት አይመሳሰል! እኔው ነኝ፤ አልሞትኩም።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «ማክሰኞ እኮ ለማረጋገጥ ደውለናል» አለ ጸሐፊው በመጨረሻ፤ እንደ ቅሬታ። «ማግኘት አይቻልም ነው የሚለው።»

«እንዳረፍኩ እንደገና ወደ ጉባ ተነሥቼ ሰማይ ላይ ነበርኩ።»

«እኛም ሰማይ ቤት ነው ብለን… ይቅርታ። ለማንኛውም ከዕጩዎች ዝርዝር ወጥተዋል። ለመመለስ በሕይወት ስለመኖርዎ ከቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል።»

ከሰዓት ቀበሌ ሄደች። የቀበሌው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ አዘዘላት፤ ቀጥሎ በሕይወት ለመኖሯ ሦስት ምስክር ጠየቃት። ሻይዋን እየጠጣች «እኔ ከሦስቱ አንዷ መሆን እችላለሁ?» ብትለው ትንሽ አሰበና መመሪያው አይፈቅድም አላት። ሚፍታህን፣ ረጀብንና የባጃጁን ሾፌር ጁምዓን አቆመች። ማኅተም ተመታ፤ ደብዳቤው በፎቶ ተላከ።

ዓርብ ማታ ሊሆን ሲል ጸሐፊው ራሱ ደወለ። «ማስረጃው መዝገብ ቤት ገብቷል» አለ። «ነገ ዝርዝሩ ሊጸድቅ ሲል ከመድረክ ሲጠየቅ ተቃውሞ ያቅርቡ፤ ስምዎ ይመለሳል።»

«ሊቀመንበሩ ያውቃሉ?»

«እንዴት ልበልዎ» አለ ጸሐፊው። «የሐዘን ንግግራቸውን ጽፈው ጨርሰዋል። በጣም ጥሩ ንግግር ነው።»

ቅዳሜ አዲስ አበባ ለመሄድ ፈቃድ አልተገኘም፤ የሚተካት የለም። እሷ፣ ሚፍታህና ረጀብ በጣቢያው ቢሮ አንድ ላፕቶፕ ከበው ተቀመጡ። አዳራሹ በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የአሶሳ መስኮት ግን ጥቁር ነው፤ ካሜራውም ድምፁም ጠፍቷል። ሰው ሲናገር ብቻ ነው የሚከፈተው።

መጀመሪያ የኅሊና ጸሎት ሆነ። ሁለት መቶ የሚሆኑ አብራሪዎች ለደጊቱ አንድ ደቂቃ ቆሙ። ረጀብም ተነሣ።

«አንተ ደግሞ ለምን ቆምክ?» አለው ሚፍታህ።

«ሁሉም ቆመ። ነውር ነው።»

ከዚያ ሊቀመንበሩ ጥቁር ክራቫታቸውን አስተካክለው ወደ መድረክ ወጡ። የዘንድሮ ምርጫ እንደገና ለሚወዳደሩት ለእሳቸው አስቸጋሪ ነው፤ የአዲስ አበባዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ሚዛኑን የሚደፋው የክልሎቹ አርባ ድምፅ ነው። አርባው ደግሞ ደጊቱ ከሞተች በኋላ ባለቤት የለውም።

«ካፒቴን ደጊቱን በቅርብ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «አሶሳ ድረስ ሄጄ ችግራቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስንለያይ የነገሩኝን የመጨረሻ ቃል እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።»

ደጊቱ ለማስታወስ ሞከረች። ስትሸኛቸው የነገረቻቸው የመጨረሻ ቃል «ጆንያው ከባድ ነው፤ እግርዎን እንዳይመታዎት» የሚል ነበር።

«‹ዕረፍት ስጡን› ነበር ያሉኝ» ቀጠሉ ሊቀመንበሩ፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ወገኖቼ፣ ካፒቴን ደጊቱ ሳያርፉ አረፉ! የአብራሪ ዕረፍት አውሮፕላን ካረፈበት ሳይሆን አብራሪው ራሱ አልጋው ላይ ካረፈበት ሰዓት ይቆጠር ብለው ሲጮኹ ኖረው፣ ሳናደርግላቸው አመለጡን። ዛሬ ለመታሰቢያቸው ይህ ጉባኤ ይወስን። ‹የካፒቴን ደጊቱ መታሰቢያ አንቀጽ› ይባል። የምትደግፉ?»

ለሞተ ሰው እጁን የማያነሣ የለም። አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ የትልልቆቹ አውሮፕላኖች ካፒቴን ሁለቱንም እጆቹን አነሣ፤ በሌላኛው እንባውን ሊጠርግ ፈልጎ ይሆናል።

በአሥራ አራት ዓመት ያልሆነው በሁለት ደቂቃ ሆነ።

የማኅበሩ የሕግ አማካሪ ከጎን ተናገረ። ውሳኔው ቃለ ጉባኤው ሲፈረም ይጸናል፤ መጀመሪያ ግን የዕጩዎች ዝርዝር ይጸድቅ። ሊቀመንበሩም ጠየቁ፦ «በዝርዝሩ ላይ ተቃውሞ ያለው አባል አለ?»

የደጊቱ ጣት ድምፅ መክፈቻው ላይ ነበር። ለዚህች ደቂቃ ነው ሁለት ቀን የሮጠችው።

«ተናገር ካፒቴን!» አለ ረጀብ። «አልሞትኩም በል! ምን ትጠብቃለህ?»

አልተናገረችም። አሁን ድምፅዋ ከተሰማ ስሟ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል፤ ያልተፈረመው መታሰቢያ ግን ሟቹን ያጣል። ለቆመ ሰው መታሰቢያ የሚፈርም ማን ነው? ተመርጣ እንኳ ብትሆን፣ ያንኑ መስመር ለማስቀየር እነዚያኑ እጆች ልትለምን ነው። እነዚያ እጆች ደግሞ ለደጊቱ በሕይወቷ ተነሥተው አያውቁም።

ወደ ሚፍታህ ዞረች። ሚፍታህ ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ነው የሚያያት። ከዳቡስ በላይ ትከሻውን ነካ ስታደርገው ያያት ዓይነት አስተያየት ነው።

«ካፒቴን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ትንሽ ቢቆዩስ?»

ጣቷን አነሣች። «ዝም በሉ» አለች። «ሞቻለሁ።»

«ተቃውሞ ከሌለ ዝርዝሩ ጸድቋል» አሉ ሊቀመንበሩ። ቃለ ጉባኤው ዞረ። ሊቀመንበሩ ፈረሙ፣ ጸሐፊው ፈረመ፣ የሕግ አማካሪው ፈረመ። ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታ አሶሳ ድረስ ተሰማ።

ያን ጊዜ ደጊቱ ካሜራውንም ድምፁንም ከፈተች።

አዳራሹ ውስጥ ካለው ትልቅ ስክሪን ላይ የሟቿ ፊት ብቅ አለ፤ ላብ ያለው፣ ከኋላው የአሶሳ ጣቢያ ካላንደር የተሰቀለበት። አንዲት ሴት ጮኸች። ፊት ወንበር ላይ ያለው ካፒቴን እጁን ገና አላወረደም ነበር።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «በስሜ ስለቆማችሁት ደቂቃም አመሰግናለሁ፤ ከማኅበሩ ያገኘሁት ረጅሙ ጊዜ ነው።»

ሊቀመንበሩ ማይኩን ያዙ። «ካፒቴን… አርፈዋል ተብለን…»

«አውቃለሁ። አውሮፕላኑ ካረፈ አብራሪዋ አርፋለች ብላችሁ አሥራ አራት ዓመት ስትጽፉ ማንም አላለቀሰም። ረጀብ እንዲያው አንድ ቀን ቢጽፈው ጥቁር ክራቫት አሰራችሁ።»

ከኋላ ወንበር፣ የጀርባ አጥንቶቹ ከተቀመጡበት፣ ሳቅ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ወደ ሕግ አማካሪው ዘወር አሉ። «መታሰቢያ እኮ ነው ያልነው። እንግዲህ ሟች ከሌለ…»

አማካሪው ደንቡን ገለጠ፤ መነጽሩን አደረገ፤ አወለቀ። «ተፈርሟል» አለ። «የጠቅላላ ጉባኤን ውሳኔ የሚሽረው ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ።»

«ዝርዝሩስ?»

«እሱም ጸድቋል። ካፒቴን ደጊቱ ዕጩ አይደሉም።»

የሊቀመንበሩ ፊት ፈካ። «ደስታችን ወሰን የለውም!» አሉና አስጨበጨቡ። ከሰዓት በኋላ በሰፊ ልዩነት ተመረጡ፤ ከአርባው የክልል ድምፅ አብዛኛውን አግኝተው። አንዳንዶቹ ማንም ያላሰበልንን ያሰቡልን ሰው ናቸው ብለው ነው የመረጧቸው። ደጊቱ አልተከፋችም ማለት አይቻልም። ላፕቶፑን ዘጋችና ወጣች፤ አውሮፕላኑን ዞረችው፤ ያለ ምክንያት ጎማውን በእግሯ መታ መታ አደረገችው።

እሑድ የአበባ ጉንጉኑ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ፈርማ የተረከበችው ራሷ ናት። ረጀብ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አይደርቅም።

በሦስተኛው ሳምንት የድርጅቱ ደብዳቤ መጣ፤ መስመሩ ተቀይሯል። ረጀብ የጣቢያውን መዝገብ በማስመሪያ ለሁለት ከፈለ፤ በአንዱ በኩል «አውሮፕላን»፣ በሌላው በኩል «ሰው» ብሎ ጻፈበት። በዚያው ቀን ደጊቱ ከጉባ ስትመለስ በአንደኛው ዓምድ «11:05 አርፏል» አለ። በሁለተኛው ላይ «ገና አላረፉም» ብሎ ጠበቀ። ነዳጁ ተቀዳ፣ ገመዱ ታሰረ፣ ፎርሙ ተሞላ፣ የጁምዓ ባጃጅ እንደ ልማዱ ዘገየ።

አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ረጀብ፣ ጻፍ።»

«አረፍክ፣ ካፒቴን?»

«ጫማዬን አወለቅሁ። አልጋዬ ላይ ነኝ።»

«‹አርፈዋል› ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፍ።»

«‹በሰላም› ልጨምርበት? ወይስ እንደገና ያለቅሳሉ?»

ደጊቱ እጇን በባዶው ጎን ዘረጋች። አልጋው ለአንድ ሰው ሰፊ ነበር። የነገው በረራ ከአሁን ጀምሮ ዐሥር ሰዓት ሙሉ ይቀረዋል።

«ጨምርበት» አለችው፤ ስልኩንም ዘጋች።