የተቆጠቡ እግሮች

ያጋለጣት ጨው ነው። ላቧ ደርቆ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ነጭ መስመር ጥሏል፤ ከሜዳው ጀርባ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ልትታጠበው ስትል ሬዲዮ ከኋላዋ ደረሰች። ይህችን ሴት ሬዲዮ ያሏት ሁለቱም የሚሠሩበት የጠርሙስ አጠባ ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው፤ የሰማችውን ሳታሰራጭ ምሳዋ አይዋጥላትም። ውድድሩ ገና አልተጀመረም፤ ፀሐይዋም የሜዳውን አጥር በቅጡ አላለፈችም። እንዲህ ያለ ጨው ረጅም ሰዓት የሮጠ ሰው ፊት ላይ ብቻ እንደሚደርቅ ለማወቅ ደግሞ አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም።

«ሮጠሽ ነው የመጣሽው?»

ውኃውን ፊቷ ላይ ረጭታ ቀና አለች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ለሬዲዮ መዋሸት ግን ሬዲዮን ማክበር መሰላት።

«ሮጬ ነው።»

ሬዲዮ ሌላ አልጠየቀችም። ዞር ብላ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ጥላ ሄደች፤ አካሄዷ ምንም ችኮላ አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ወሬ የያዘ ሰው ምን ያስቸኩለዋል።

የፋብሪካው ልማድ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የየክፍሉ ሴት ሯጮች አሥር ሺህ ሜትር ይወዳደራሉ፤ የአሸናፊዋ ክፍል የሚቀጥለውን እሑድ ሙሉውን ያርፋል፣ የተሸነፉት ክፍሎች ሥራውን ይሸፍኑለታል። ዋንጫውን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ይደረድረዋል። ለሴቶቹ ዋንጫቸው ያቺ እሑድ ናት። ባለፉት ዓመታት እሷ እያሸነፈች አሳርፋቸዋለች፤ እነሱም ለምደውት ዕረፍቱን ከደመወዛቸው ጋር የሚመጣ ነገር አድርገውታል። ዘንድሮ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ማራቶኗን ትሮጣለች።

ማራቶኑን ማንም አልሰጣትም። ክለብ የላትም፣ አሰልጣኝ የላትም። ከስልኳ እያነበበች፣ ያልገባትን እስኪገባት እየደጋገመች ፕሮግራሟን ራሷ ሠራች። ስሕተቱንም የተማረችው በገዛ እግሯ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የጎዳና ሩጫ ሲባል እዚያ፣ ግማሽ ማራቶን ሲባል እዚያ፣ አንድም ጥሪ እንዳያልፈው እንደሚሮጥ ሠርገኛ ሁሉም ጋ ትደርስ ነበር። በእያንዳንዱ ውድድር ያላትን አራግፋ ትመለሳለች፤ ባቷ ይቋጠራል፣ ረጅሙ ልምምድ ይዘለላል፣ እሷ ሜዳሊያዋን አንጠልጥላ ታነክሳለች። በኋላ ገባት። በልምምድ መሃል ውድድር ማስገባት ይቻላል፤ ሲገባ ግን ልምምድ ሆኖ መግባት አለበት። ዛሬም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ገና ሳይነጋ ተነሥታ የረጅሙን ሩጫ አብዛኛውን ሮጠች። አሥር ሺውን በማራቶኗ ፍጥነት ትሮጣለች፤ የተረፈውን ወደ ቤት ስትመለስ ትጨርሳለች።

ጭራሽ ለመቅረትም ሞክራ ነበር። የፈረቃ አለቃው ግን ለክፍሏ ካልሮጠች ለማራቶኑ ቀን ፈቃድ እንደማይፈርም ነገራት። ሩጪ አላት እንጂ አሸንፊ አላላትም። እሷም የተባለችውን ልታደርግ መጣች፣ አንገቷን ሳትደፋ።

ጥላው ሥር ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። ማንም ጠጋ አላለላትም። አንዷ፣ ማራቶን የሥራ ፈት ሥራ ነው ስትል ለአየሩ ተናገረች። ሌላዋ በየዓመቱ ለእሷ ውኃ ያቀበለችበትን እጇን ረገመች። ሬዲዮ ደግሞ ለኛ ትራፊውን እግር ይዛልን መጣች ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው፤ ጥርስ ያለው ሳቅ ነበር።

ከሁሉም ጫፍ እናቷ ተቀምጣለች። እናቷ እዚያው ክፍል ውስጥ መብራት ፊት ነው የምትሠራው፤ የታጠቡት ጠርሙሶች በነጭ መብራት ፊት ሲያልፉ ስንጥቅና እድፍ ያለበትን እየለቀመች ትውላለች። ማታ ማታ ዓይኗ ውኃ ያፈሳል። ጨፍናም ጠርሙስ እንደሚያልፍባት ትናገራለች። በፈረቃ የሚደርሳት ዕረፍት በልብስ አጠባና በገበያ ያልቃል፤ ያቺን እሑድ ግን መጋረጃውን ዘግታ፣ እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ ጥላ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«እውነት ነው?» አለቻት ቀና ሳትል።

«እሮጣለሁ እኮ እማ። አልሮጥም አላልኩም።»

«ጠዋት ስትወጪ፣ ሰውነቴን ላፍታታ ነው አልሽኝ።»

ይህኛው ውሸት ነበር። ለሬዲዮ የነፈገችውን ለእናቷ ሰጥታታለች። ፊሽካ ሲነፋ ወደ መነሻው መስመር ሄደች።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከሰዓቷ ሌላ ያየችው ነገር የለም። ከመጋዘን ክፍል የመጣችው፣ ረጅሟ የሚሏት ልጅ፣ ተፈትልካ መሪነቱን ያዘች፤ ሁለት ልጆች እግር በእግር ተከተሏት። እሷ ወደኋላ ቀረች። በአጥሩ በኩል ባለፈች ቁጥር ከክፍሏ ሴቶች የሚወረወረው ቃል እየከፋ ሄደ። ሬዲዮ፣ ዘንቢል ላቀብልሽ ወይ፣ ገበያ ነው አይደል የምትሄጂው አለቻት። አንዷ እናቷን እያየች ወላድ ትፈርበት አለች። እሷ ትንፋሿን ቆጠበች፤ መልሱን ለራሷ ሰጠች፤ መልሱ የሚጻፍ አልነበረም።

እግሮቿ ይከብዳሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። አልከበዱም። ከግማሽ በኋላ ከፊቷ ያሉት መፍረስ ጀመሩ፤ እሷ ሳትፈጥን እነሱ ወደ እሷ መጡ። ሁለቱን ሳትፈልግ አለፈቻቸው። ሁለት ዙር ሲቀር ከፊቷ ረጅሟ ብቻ ቀረች፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል፣ ክንዶቿ አየር ይቀዝፋሉ። ይህን ትከሻ ታውቀዋለች፤ የራሷ ትከሻ ሆኖ ያውቃል። አንድ ጊዜ ተፈትልካ ብትወጣ ያበቃ ነበር።

ሴቶቹም አሸተቱት። ስድቡ ድንገት ቁልምጫ ሆነ። የኔ አንበሳ፣ እህታለም፣ አለኝታችን። ወላድ ትፈርበት ያለችው ሴት ልጄ ብላ ጠራቻት። ከስድባቸው ይልቅ ቁልምጫቸው አንገበገባት። ሲሰድቡ እሷን ነበር፤ አሁን የሚጠሩት እግሯን ነው። እናቷ ከሌሎቹ ተነጥላ መታጠፊያው ላይ ቆማለች። አልጠራቻትም። የአጥሩን ሽቦ ይዛ፣ ዓይኗን አጥብባ እግሮቿን ታያለች።

ፕሮግራሙ አይፈቅድም አለች ለራሷ። እውነት ነው፣ አይፈቅድም ነበር። ያቆማት ግን ፕሮግራሙ ብቻ እንዳልሆነ ታውቀዋለች። ረጅሟ እየተንገዳገደች ሪባኑን በጠሰች። እሷ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ተከትላት ገባች።

እናቷ የቱታ ጃኬቷን ይዛላት መጣች። አላለበሰቻትም።

«ትችዪ ነበር» አለቻት።

«አዎ።»

«እነሱ ተሸነፈች ብለው ይሰድቡሻል። እኔ ምን ብዬ ልስደብሽ?»

«ማራቶኑ የኔ ነው፣ እማ። በሕይወቴ የኔ የሆነ ሌላ ምን አለኝ?»

«እሑዱስ የማን ነበር?»

እናቷ ጃኬቱን ሣሩ ላይ አስቀመጠችውና ሴቶቹ ወደሚሳፈሩበት የፋብሪካው ሰርቪስ ሄደች። እሷ ጃኬቱን አንሥታ ወገቧ ላይ አሰረችው። የቀረ ሩጫ አለባት፤ በሩን አልፋ ወጣች። እግሮቿ አሁንም ቀላል ነበሩ፣ ይህም አበሳጫት።

የፋብሪካው ሰርቪስ የደረሰባት መንገዱ ለጥገና ተቆፍሮ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍበት ቦታ ላይ ነው። በአንድ በኩል ጉድጓድ፣ በሌላው የድንጋይና የአፈር ክምር። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። ክምሩ ላይ ወጥታ ማሳለፍ ትችል ነበር፤ ማራቶኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ቁርጭምጭሚቷን ለድንጋይ ክምር አትሰጥም። አልዞረችም። ፍጥነቷንም አልለወጠችም። ሰርቪሱ ተረከዟ ሥር ደርሶ እሷን እየተከተለ ይንፏቀቅ ጀመር። መስኮቶቹ ሲከፈቱ ሰማች፤ ድምፆቹን አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ የሬዲዮ ከሁሉም በላይ ነበር። ሙሉ ክፍሉ ክላክሱን እያስጮኸ በማራቶኗ ፍጥነት ከኋላዋ መጣ። እናቷ ከሹፌሩ ጎን እንደምትቀመጥ ታውቃለች። በሰፊው የፊት መስተዋት ከልጇ ጀርባ ሌላ የሚታያት ነገር የለም።

ከዚያ ክላክሱ ድንገት ተቋረጠ። ቀጥሎ ሬዲዮ ዝም አለች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ማን ዝም እንዳሰኛቸው አላወቀችም። ዞር ብላ ብታይ ታውቅ ነበር።

ቁፋሮው የሚያበቃበት ገና ሩቅ ነው። ሞተሩ ከኋላዋ በዝግታ እያጉረመረመ ይከተላታል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሳትሰማው የዋለችውን የገዛ ኮቴዋን ሰማች። ለጥቂት ጊዜ አዳመጠችው፤ የግራዋና የቀኟ እኩል አልነበሩም፤ ሳይታወቃት አንዱን እግሯን እየቆጠበች ትረግጥ ነበር።