በሊትር ስምንት

ፒካፗ አዲስ ስትመጣ አብሯት የመጣ ወረቀት ነበር። በሊትር አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ዋቅወያ ያን ጊዜ ወረቀቱን አንብቦ መልሶ በመኪናዋ ኪስ ውስጥ ከቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። እሷም በሊትር ስምንት እየሄደች ከነቀምት አርጆ፣ ከነቀምት ዲጋ ቧንቧና ሲሚንቶ ስታመላልስ ኖረች። ማንም ምንም አላለም። ነገር የመጣው ነዳጅ ሲጠፋ ነው።

ዘንድሮ በየማደያው በር ላይ መኪና ተሰልፎ ያድራል። ለገጠር የመጠጥ ውኃ ምንጭ የሚያጎለብተው የዋቅወያ መሥሪያ ቤትም እያንዳንዱ ሊትር የት እንደ ገባ መጠየቅ ጀመረ። ጥያቄው ሲዞር ሰንብቶ ሾፌሩ ዋቅወያ ላይ አረፈ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደዮሐንስ ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለው ቢሯቸው አስጠሩት። ያ የቆየ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል።

«እኔ አንተን አላማህም» አሉ። «አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ ግን ይጠይቃል። ፋብሪካው አሥራ ሦስት ይላል፣ አንተ ስምንት ትላለህ። የቀረው የት ገባ?»

«መንገድ ላይ ነዋ።»

«መንገድ ነዳጅ አይጠጣም፣ ዋቅወያ።»

ዋቅወያ ወረቀቱን ተመለከተ። መልስ ነበረው፤ ግን መልሱ ከሥራ የሚያስወጣ ነው። በመኪናዋ የፊት መስተዋት ጥግ ላይ «ከሠራተኛ በስተቀር ሰው መጫን በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የለጠፈው እሱ ራሱ ነው። በለጠፈ ማግስት ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ከመንገድ አንሥቶ ሆስፒታል አደረሰ። ከዚያ ወዲህ መተው አልቻለም።

የአርጆ መንገድ ሰዎች መኪናዋን ለይተው ያውቋታል። እጃቸውን አያነሡም፣ አይጠሩትም። ዳር ላይ ተቀምጠው ይቆዩና እሷ ከሩቅ ስትታይ ብድግ ይላሉ። ቀሚሳቸውን ያራግፋሉ፣ ጆንያቸውን ያቅፋሉ። እንዲህ ተነሥቶ የቆመን ሰው ትቶ ማለፍ ዋቅወያን ይከብደዋል። ይቆማል፣ ይጭናል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይቆማል። ዳገቱን ከእነጆንያቸው ይዟቸው ይወጣል። ከማንም ብር ተቀብሎ አያውቅም። ነዳጁ የገባው እዚያ ነው።

ይህን ቢናገር ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ይባረራል። ዝም ቢል ሌባ ነው። ሌባ መባሉ ደግሞ ከወዲሁ ጀምሯል። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን መባ የሚሰበስበው እሱ ነው። ባለፈው እሁድ ከመዘምራኑ አንዱ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ኦቦ ዋቅወያ፣ ለእኛም ሞተር ሳይክል አንዲት ጀሪካን አትጠፋም መቼም» አለው። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ከገባ በኋላ ምሳ አልበላ አለው።

አቶ ወልደዮሐንስ ሙከራ ይደረግ አሉ። አዲሱ የንብረት ኃላፊ ኦብሳ አብሮት ተቀምጦ አርጆ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ቁጥሩ ይታያል።

ሐሙስ ጠዋት ኦብሳ ጎማዎቹን አስነፋ፣ የኋላውን ጭነት በሙሉ አስወረደ፣ ትርፍ ጎማዋን ሳይቀር አስወጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የፍጆታ ቁጥር ዜሮ አድርጎ ገባ።

«ቀስ እያልን እንሂድ፣ ኦቦ ዋቅወያ። ፋብሪካው እንዲህ ነው የሚለካት።»

«ፋብሪካው የት ነው የሚነዳት?»

«አይነዷትም። ቤት ውስጥ ጎማዋን ሮለር ላይ አድርገው ያዞሩታል። እሷ ካለችበት አትነቃነቅም።»

ዋቅወያ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው መንገድ ዳር ሰው የለም።»

«የለም። ዝናብም የለም።»

«ጥሩ ቤት ነው» አለና ማርሽ ቀየረ።

መንገዱን ካጋመሱ በኋላ አሮጊቷን አዴ ወርቂቱን አያቸው። ከአንድ ድልድይ አጠገብ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው በኩል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው አሜን ጀርባቸው ላይ ናት። አሜን ስትወለድ አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ተጣሞ ነበር። የነቀምት ሆስፒታል በየሐሙሱ ጄሶዋን እየለወጠ ቀስ በቀስ እያቀናው ነው። አንድ ሳምንት ከታለፈ እግሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብለዋቸዋል። ሚኒባስ በነዳጅ ምክንያት ከጠፋ ወዲህ በየሳምንቱ የሚያደርሳቸው ዋቅወያ ነው።

መኪናዋን ሲያዩ አዴ ወርቂቱ አልተነሡም። ወደ አርጆ እያለፈች መሆኑን ያውቃሉ። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁለት። ስትመለስ እንነሣለን ማለታቸው ነው።

«ያውቁሃል?» አለ ኦብሳ፤ ወዲያው አረመ። «ያውቁዎታል?»

«እዚህ መንገድ ላይ የማያውቀኝ የለም።»

 አርጆ እስኪደርሱ ዋቅወያ የሚያስበው መመለሻውን ነበር።

አርጆ ከተማ ገብተው አዙረው ቆሙ። ኦብሳ አንገቱን አስግጎ ዳሽቦርዱን አየ።

«አሥራ ሁለት! ኦቦ ዋቅወያ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ደኅና ናት።» ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ደኅና ከሆነች ግን...»

«ነዳጁን የወሰድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አንተ አላልክም። ቁጥሩ አለ።»

ኦብሳ ስልኩን ያለ ሥራ ይነካካ ጀመር። ክፉ ልጅ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የአንድ ሰው ስም በእሱ ቁጥር ሲበላሽ ማየት የመጀመሪያው ነው። ለመመለሻው ቁጥሩን እንደገና ዜሮ አደረገውና ቀበቶውን አሰረ።

ሲመለሱ ዝናብ ጀመረ። የገበያ ቀን ስለ ነበር ሰው በየዳሩ አለ። መጀመሪያ ዶሮ የያዙ ሁለት ሰዎች ከዛፍ ሥር ብድግ አሉ። ዋቅወያ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ አለፋቸው። በመስተዋቱ ሲያይ አሁንም ቆመዋል። ቀጥሎ የበቆሎ ጆንያ ያቀፈ ጎልማሳ ተነሣ፤ እሱንም አለፈው። ሰውየው ከኋላ በኦሮምኛ የጮኸው በመስኮቱ ገባ።

«ምን አለ?» አለ ኦብሳ፤ ከዝናቡ የተነሣ ቃሉን አልለየም።

«ዋቅወያ ዛሬ ሚኒስትር ሆኗል አለ።»

ኦብሳ ሊስቅ ነበር፤ የዋቅወያን ፊት አይቶ ተወው። ዳሽቦርዱ አሥራ ሁለት ከምናምን ይላል። ዋቅወያ የሚያውቀው ፋብሪካው ልክ መሆኑን ነው። ሰውን ሁሉ እያለፉ ከሄዱ ልክ ነው።

ድልድዩ ታየ። አዴ ወርቂቱ ተነሥተዋል። ጃንጥላ የላቸውም። ነጠላቸውን ለሕፃኗ አልብሰው፣ ጄሶው እንዳይርስ እግሯን በፌስታል ጠቅልለው አስረውታል፤ ፌስታሉን ደግሞ በእጃቸው ሸፍነውታል። የራሳቸው ፀጉር ውኃ ያንጠባጥባል። አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ መጥተው ቆመዋል፤ ይቆማል አይቆምም የሚል ጥያቄ ፊታቸው ላይ የለም።

የዋቅወያ እግር የነዳጅ መርገጫው ላይ ነበር። ለአፍታ እዚያው ቆየ። ከዚያ አነሣው።

«ኦቦ ዋቅወያ፣ ሙከራ ላይ ነን» አለ ኦብሳ በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

መኪናዋ ቆመች። አዴ ወርቂቱ የኋላውን በር ከፍተው እንደ ወትሮው ገቡ። ሌላ ሰው መኖሩን ሲያዩ ደነገጡ።

«አካም ጅርቱ፣ እንዴት ዋልክ ልጄ። እንግዳ ይዘሃል እንዴ ዋቅወያ? አስቸገርንህ?»

«የመሥሪያ ቤት ልጅ ነው፣ አዴ። ይቀመጡ። ጄሶው ረጠበ?»

«ጫፉ ብቻ። ይኸው እጄን ክዳን አደረግሁት፤ ደንዝዟል።»

መኪናዋ መቆሟን ያየ ሰው ሁሉ መሮጥ ጀመረ። ከድልድዩ ሥር ተጠልለው የነበሩ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ወጡ። ዋቅወያ ሊነሣ ይችል ነበር፤ አልተነሣም። ከዚህ በኋላ የሚያተርፈው ነገር የለም። ሞተሩን ሳያጠፋ ዝናብ ላይ ወርዶ የኋላውን መዝጊያ ከፈተላቸው። ጆንያ ተወረወረ፣ ከሰል ተጫነ፣ አንድ ሽማግሌን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው። አንዲት እናት ቦታ ስታጣ ሕፃን ልጇን ኦብሳ ጉልበት ላይ አስቀመጠቻት።

«ይሄ ልጅ ሚስት አለው?» አለች አንዷ ከኋላ ወንበር።

«ተይው፣ ኃላፊ ነው» አለ ዋቅወያ።

«ኃላፊ ሚስት አያገባም?»

ኦብሳ ጆሮው ቀላ። ሕፃኗን እንዳትወድቅ በሁለት እጁ ያዛት።

ዳገቱ ላይ መኪናዋ አቃሰተች። ዋቅወያ በሁለተኛ ማርሽ ገፋት። እየቆመ አንዱን አወረደ፣ ሌላውን ጫነ። ኦብሳ በሕፃኗ ራስ ላይ አሻግሮ ዳሽቦርዱን ያይ ነበር። አሥራ አንድ ሆነ። አሥር ሆነ። መስተዋቱ በሰው ትንፋሽ ደበዘዘና ዋቅወያ በእጅጌው ጠረገው። ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ቁጥሩ ስምንት ላይ ቆሟል።

አዴ ወርቂቱ ወርደው፣ «ገለቶሚ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ለሐሙስም በሰላም ያድርሰን» አሉና ወደ ውስጥ ሮጡ። ሌሎቹም ተበተኑ። መኪናዋ ውስጥ የረጠበ ጆንያ ሽታ ቀረ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ ኦብሳ።

«በጋ ላይ ይሻላል።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያየኸውን።»

«ያየሁትን ከጻፍኩ ያባርሩዎታል እኮ።»

«ያባርሩኛል። ነዳጅ ሸጠ ተብዬ ከምኖር ሰው ጫነ ተብዬ ልባረር። አርጆ ላይ የነበረውንም ጻፍ፣ እዚህ ያለውንም ጻፍ። ሁለቱም እውነት ነው።»

ኦብሳ ሁለቱንም ጻፈ።

አቶ ወልደዮሐንስ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «መጀመሪያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርዎት ምን ይሉኝ ነበር?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አትጫን እልህ ነበር» አሉ።

ደንቡ እንደሚያባርር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ዋቅወያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለብዙ ዓመት ኪሱ ውስጥ ስለ ኖረ ሱሪው ላይ የቁልፍ ቅርጽ ወጥቶ ነበር። በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ወሰኔ በር ላይ ስታየው ገባት።

«ስንት መጣ?»

«ስምንት።»

«እንደ ወትሮው ነዋ።»

«እንደ ወትሮው።»

እሁድ መባ ሰበሰበ። የጀሪካኑ ቀልድ አልተነሣም፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። ያ መዘምር ዓይኑን ሰብሮ ብር ጨመረና አለፈ። ዋቅወያ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። ድካም ብቻ ተሰማው።

ሐሙስ በልማዱ ማልዶ ነቃ። የሚሄድበት የለም። መስኮቱ ላይ የዝናቡን ድምፅ እየሰማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ኦብሳ ነው።

«ኦቦ ዋቅወያ፣ ሾፌር ገና አልተቀጠረም። ፒካፗን የያዝኳት እኔ ነኝ። ከአርጆ እየተመለስኩ ነው።»

«እሺ።»

«ሰዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ይነሣሉ።»

«ይነሣሉ።»

«አዴ ወርቂቱም ድልድዩ ጋ ናቸው። ቆመዋል፤ ከዚህ ይታዩኛል።» ከስልኩ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ የሞተር ድምፅ ይሰማል። «ምን ላድርግ?»

ዋቅወያ ግንባሩን አሸ።

«ዝናብ አለ?» አለ።

«አለ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ» አለና ስልኩን ዘጋው።