የዘሚካኤል አሳማዎች ስብ

ቀድሜ ልማልላችሁ። ከዚህ ከማወራው ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ የጫሞ አዞ ይብላኝ። የማያምን ካለ አገርነሽ ምስክሬ ናት፤ በእርባታው መኖ የምታቀላቅለው እሷ ነበረች።

እርባታው ከሲቀላ ሰፈር ወደ ጫሞ ሐይቅ ሲወርዱ ከሙዝ እርሻው ጀርባ ነው። አሳማ ያረባል፤ ገዢዎቹ ለመንገድ ሥራ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። እኔ አሳማ አልቀምስም፣ በማድለብ ግን ከእኔ ወዲያ ላሳር። የኦቾሎ መንደር ልጅ ነኝ። አባቴ ለመስቀል ያደለበው ሰንጋ በበር አልወጣ ብሎ ግድግዳ ፈርሶለታል።

ሰብለ የምትባል ተመራማሪ ጥናት ልትሠራ መጣችና ስድስት አሳማ ለእኔ፣ ስድስት ለዘሚካኤል ሰጠችን። ዘሚካኤል በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ሲስቅ እንኳ ድምፅ አያሰማም። የእኔ ጆንያ ቀይ ክር፣ የእሱ ሰማያዊ ክር ታስሮበታል። በአንደኛው መኖ የተልባ ዘይት፣ በሌላው ተራ ዘይት ተቀላቅሏል። የትኛው የት እንዳለ ከአገርነሽ በቀር የሚያውቅ የለም። የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ስለገባባቸው በማሽተትም አይለዩም።

«ጋሽ ሀብቴ፣ የተልባ ዘይት ጉበታቸውን ስብ ከማከማቸት ወደ ማቃጠል ያዞረው እንደሆነ ነው የማየው» አለችኝ ሰብለ።

«የኔ ልጅ፣ ዘይት ጠጥቶ የሚከሳ ፍጡር ኦቾሎ ውስጥ አልተወለደም» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን ያልሳቅኩበት አንድ ነገር ነበር፤ የእርባታው ባለቤት ጥናቱ ሲያልቅ ከሁለታችን አንዱን፣ ሰብለ የመረጠችውን፣ በቋሚነት እቀጥራለሁ ብሏል።

ሁለት ወር ሳይሞላ የዘሚካኤል አሳማዎች ጀርባቸው ፍራሽ አከለ። ሰብለ የስብ መለኪያዋን ስታሳርፍባቸው የእሱ ሁለት ጣት፣ የእኔ አንድ ጣት። ከዚያ ወዲያ ዐይኔ ከበረቱ አልነቀል አለ። ምሳዬን ወደ እሱ በረት ዞሬ እበላለሁ። የእሱ አሳማ ሲያስነጥስ እንኳ ድምፁ ወፍራም ነው። ቦቲ ጫማችን ከአንድ ካርቶን የወጣ ሆኖ ሳለ የእኔ ያንሸራትታል፣ የእሱ አያንሸራትትም። ይባስ ብሎ ያጽናናኛል።

«ጋሼ፣ የእርስዎዎቹ እኮ ፈጣን ናቸው» ይለኛል።

አሳማህ ፈጣን ነው መባልን እስቲ እናንተ ቻሉት።

የተልባው ዘይት እሱ ጋ ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ? ዘሚካኤል ምሳ ሲወጣ ክሮቹን አቀያየርኳቸው። ቀዩ ወደ እሱ ጆንያ፣ ሰማያዊው ወደ እኔ። በየቀኑ። ሳምንት አልፈጀም፤ የእኔዎቹ ሆዳቸው መሬት ጠረገ። አንደኛው ዐይኑን ስብ ሸፍኖት በአፍንጫው እየተመራ ይበላ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሚዛኑ ከሥራቸው ተሰበረ፣ ሰብለ እንባዋን ጠረገች። ቋሚነቱን ግን እኔው ራሴ «ለልጁ ይሁን፣ ትዳር ይዟል» ብዬ ለዘሚካኤል ለቀቅኩለት።

ባለፈው ማክሰኞ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ እያወራሁ፣ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶልኝ፣ ዞር ብል አገርነሽ የሙዝ ዘንቢሏን ታቅፋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ይኸው ምስክሬ። አገርነሽ፣ ንገሪያቸው እስቲ።»



«ሚዛኑ አልተሰበረም፣ ጋሽ ሀብቴ» አለች ቀስ ብላ። «የተልባው ዘይትም ከመጀመሪያው እርስዎ ጋ ነበር፣ በቀዩ ጆንያ። የእርስዎዎቹ ስብ ያልያዙት ለዚያ ነው።»

«ቆይ፣ ክሩን ሲቀያይርስ?» አለ ረዳቱ።

«የጆንያውን አፍ የምሰፋው እኔ ነኝ፣ ስፌቴን አውቀዋለሁ። ዘወር ሲሉ ክሩን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። እስከ መጨረሻው ቀን ተልባውን የበሉት የእርስዎዎቹ ናቸው። ስባቸው የዘሚካኤል አሳማዎች ስብ ግማሽ ነበር፤ ሰብለን ደስ ያላትም እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔን አልመረጠችም?» አልኩ፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

አገርነሽ ዘንቢሏን አስተካከለች።

«ልትመርጥዎት ነበር። ብቻ መጨረሻ ላይ፣ ጆንያ የነካ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

ሴቻ ገና ነበር።

«ወራጅ አለ» አልኩ።