ሁለት ላምባ

መተማ ዮሐንስ ላይ አልጋ የሚሠራ አናጢ ሞልቷል። ምንይችል ግን «እኔ የምሠራው አልጋ ነው፣ ሌላው የሚሠራው መተኛ ነው» የሚል ሰው ነበር። «ስሜን ምን ይችል ብለው ያወጡልኝ የማልችለው ነገር ስለሌለ ነው» ይላል ደግሞ። አሰበች የምትባለው ሚስቱ ይህን በሰማች ቁጥር «ዝም ማለት አትችልም» ትለዋለች። ከጎጃም የወረደው የዛሬ ሃያ ዓመት ሳሉግ ሆኖ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ነው። እንደ ሌሎቹ የቀን ሠራተኞች አጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሩ ሊመለስ ነበር። ማጭዱን ጥሎ መጋዝ ያዘና በዚያው ቀረ።

ከሥራ ቤቱ ጎን ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል የተከራዩት ሱዳናዊ ሽማግሌ ኸሊል ይባላሉ። ጦርነቱ ከካርቱም ሲያፈናቅላቸው ከሴት ልጃቸው ከሩፊዳ ጋር በገላባት በኩል ተሻግረው መጡ። ሰፈሩ «አሚ ኸሊል» ይላቸዋል፤ በእነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ራዲዮ ሲጠግኑና ለሙዚቀኞች የጊታር ማጉያ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አማርኛውንም ድሮ ገዳሪፍ ሳሉ ከጎንደር ነጋዴዎች ለቃቅመውታል። ቤታቸው አጠገብ የወደቀው ከባድ መሣሪያ ግን ጆሯቸውን ወሰደው። ጠጋ ብሎ የጮኸላቸውን ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹን ይገምታሉ። ወፍራም ድምፅ ይሻላቸዋል፤ የሎሪ ሞተር ሲመጣ ከሌላው ሰው እኩል ዞር ይላሉ። ቀጭን ድምፅ ግን ለእሳቸው ከዓለም ጠፍቷል።

ሩፊዳ ከዚያ ሁሉ ንብረት ይዛ የወጣችው አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ጠዋት ረቢዓ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሰዓት ስትመለስ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስባ ትጫወታለች። የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ ከሌለው ደፍን እንጨት ነው፤ ክሮቹ ሹክ ሹክ ይላሉ እንጂ ሁለት እርምጃ አይሻገሩም። አባቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ጣቶቿን ያያሉ። ጣቶቿ ሲፈጥኑ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ስታቆም «ታማም!» ብለው ያደንቋታል። አንዲትም ድምፅ እንዳልሰሙ እሷም ታውቃለች፣ ምንይችልም ያውቃል። በየቀኑ መጋዙን አቁሞ ሲያያቸው አንጀቱን ይበሉታል።

አንድ ቀን አሚ ኸሊል ትልቅ የድሮ ራዲዮ አቅፈው መጡ። ሙነወር በሚባለው እህል ነጋዴ መጋዘን ጥግ፣ አቧራ ውስጥ ያገኙት ነው።

«ያ ኡስታ» አሉት፤ ሱዳኖች የእጅ ባለሙያን ሲያከብሩ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ውስጡ ደህና ነው። ሣጥኑን ምስጥ በልቶታል። የውስጡን ዕቃ እኔ ማጉያ አደርገዋለሁ፤ አንተ ሣጥን ሥራልኝ። ልጄን ልስማት።»

ምንይችል ጉራውን ሁሉ ረሳ። ያም ሆኖ ነገሩ አልገባውም። «የቻይና ስፒከር ብንገዛልዎትስ?» ብሎ ጆሯቸው ሥር ጮኸ።

«ሞከርነው። እንደሚጫጭር ነገር ነው የሚሰማኝ። ይሄ የድሮ ነው፣ ድምፁ ወፍራም ነው። ከባድ እንጨት ይፈልጋል፤ ቀላል እንጨት ይበላዋል።» ከዚያ ልኩን በሲባጎ ለክተው ሰጡት፤ ማሳሰቢያም ጨመሩ። «ለላምባው ለብቻው ቦታ ተውለት፣ እንዳይናወጥ። ላምባው ይግላል፤ በጣም ይግላል። ከላይ መተንፈሻ ይኑረው።»

ምንይችል ትንሽ ግር አለው። ግን ሳሉግ በነበረበት ዘመን ኮኪት አጠገብ ባለ የእርሻ ካምፕ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ በዓይኑ አይቷል። በላምባ በረዶ የሚሠሩ ሰዎች በላምባ ድምፅ ቢያጎሉ ምን ይገርማል?

«ስንት ይበቃዋል?» አለ ጮኾ።

«ሁለት» አሉ አሚ ኸሊል። «ሁለት ይበቃል።»

ሁለት ሊትር። ምንይችል በእርሳሱ ግድግዳው ላይ ጻፈው።

እንጨቱን ሲመርጥ ብዙ አላሰበም፤ ወይም አሰበና ማሰቡን ደበቀው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም አልሸጥም ያለው የዞቢ ምሰሶ ነበረው። ዞቢ የዚህ ቆላ እንጨት ነው፤ ልቡ ጥቁር ነው፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ ሚስማር ቢመቱበት ሚስማሩ ይታጠፋል። ሚስቱ ምሰሶው ሲወርድ አይታ «ለሰው ሣጥን?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልሰጣትም፤ ዝም ማለት መቻሉን ያየችው ያን ቀን ነው።

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሁለት መጋዝ ዶለደመ፤ ጥቁሩ ብናኝ አፍንጫው ገብቶ ሲያስነጥሰው ይውላል። ማዕዘኖቹን ያለ ሚስማር ጥርስ በጥርስ አቆላለፋቸው። አንዱን ሳንቃ ልጎ ከጨረሰ በኋላ ሲያነሣው ጠርዙ ከመዶሻው ጋር ተነካካ፤ ሳንቃው እንደ ደወል አቃጨለ። ምንይችል ቆመ። ሃያ ዓመት ከእንጨት ጋር ኖሮ እንጨት ሲመቱት «ቋ» ከማለት ሌላ ቃል ያለው አይመስለውም ነበር። ደግሞ መታው፤ ደግሞ አቃጨለ። የዛን ቀን ያለ ምክንያት ስምንት ጊዜ መታው።

ለላምባው ደግሞ ልቡን ሰጥቶ ሠራ። ከሣጥኑ ሥር ጎተራ አበጀ፤ ለመጠባበቂያ ብሎ ሁለት ሊትሩን ወደ አሥር አሳደገው። ስፌቱን በሙጫና በሰም ደፍኖ ውሃ ሞላበት፤ ጠብ አላለም። ከፊት መቅጃ የሚሆን ክብ ቀዳዳ አወጣለት። ላምባው ሲግል እንፋሎቱ እንዳይታፈን ከጎተራው ወደ ላይኛው ክፍል ሌላ ቀዳዳ ከፈተ፤ ከጀርባው ጭስ ማውጫ አቆመ። ሲጨርስ ከምሰሶው ለማንኪያ እጀታ የሚሆን እንኳ አልተረፈም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አሚ ኸሊል የበየዱትን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። ሩፊዳ ጊታሩን ይዛለች። ምንይችል ደግሞ ባለ ሁለት ሊትር ጀሪካንና ማጥለያ ይዞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሩፊዳ ሽታው መትቷት።

«ላምባው ነዋ! አባትሽ ሁለት አሉኝ፣ ሁለት ሊትር አመጣሁ።»

ሩፊዳ ጀሪካኑን አየች፣ ማጥለያውን አየች። ቀስ ብላ ጨርቁን ፈትታ ጣት የሚያካክሉ ሁለት የመስተዋት አምፖሎች አወጣች። «ምንይችል፣ በእኛ አገር ላምባ ይሄ ነው። ድምፁን የሚያጎላው አምፖል። ላምባ፣ ሁለት ላምባ።»

ምንይችል ጀሪካኑን ወደ ኋላው ደበቀ፤ የት እንደሚደብቀው እንጃ። ላቡ ንጹሑን ሸሚዝ አራሰው። ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጠውን ዞቢ ነዳጅ ማደያ አድርጎታል! «ጎተራውን ልገንጥለው» አለ። «ቀዳዳውንም እደፍነዋለሁ፤ እንጨት ግን የለኝም፣ አልቋል።»

ልጅቱ ነገሩን በጆሯቸው ስትነግራቸው አሚ ኸሊል አልሳቁም። ጎንበስ ብለው እጃቸውን በመቅጃው ቀዳዳ አስገቡ፣ ዳበሱ። በላይኛው ቀዳዳ አስገቡ። ሳንቃውን በጣታቸው አጥንት መቱና መዳፋቸውን ለጥፈው ቆዩ።

«አትንካው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አርባ ዓመት ሣጥን አሠርቻለሁ፤ ሆድ ያለው ሣጥን ግን አሠርቼ አላውቅም። እስኪ እንየው።» ድምፃቸው ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር። አምፖሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቢቃጠሉ ከገላባት ወዲያ ሄዶ የሚያመጣ ሰው የለም።

ዕቃውን ገጠሙት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበርና ተቀምጠው ጠበቁ፤ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መጣ። አሚ ኸሊል ማብሪያውን ተጫኑ። ምንም የለም። ምንይችል «አበስኩ ገበርኩ» አለ በልቡ። ቀጥሎ መስተዋቶቹ ውስጥ ቀይ ነጥብ ታየች፤ እየሰፋች ፍም መሰለች፤ ሙቀቱም በዚያ በማያስፈልግ ጭስ ማውጫ ሽቅብ ወጣ። ሣጥኑ ለስለስ ባለ ድምፅ «እምምም» አለ።

ሩፊዳ ወፍራሙን ክር አንዴ መታችው።

ምንይችል ያን ድምፅ በጆሮው ብቻ አልሰማውም። በእግሩ በኩል መጣ፣ ደረቱ ላይ ቆመ። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰጋቱራ ተንቀጠቀጠ። ከመቅጃው ቀዳዳ ነፋስ ወጥቶ የወለሉን አቧራ ገፋው፤ ያ ሆድ፣ ያ የስሕተት ጎተራ፣ ይተነፍስ ነበር! መንገድ ላይ የሰሊጥ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆሙ። ምንይችል ፈራ። በእጁ የሠራው ነገር ከእጁ በላይ ሆኖ አየውና ባርኔጣውን አወለቀ። ያ ሁሉ ምሰሶ ዘጠኝ ዓመት ጥግ ላይ ቆሞ ይህን ድምፅ ይዞ ዝም ብሎ ኖሯል ማለት ነው።

ሩፊዳ መጫወት ቀጠለች። ምንይችል ግን አሁን የሚያየው አሚ ኸሊልን ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን አልነቀነቁም። «ታማም» አላሉም። ጣቶቿንም አላዩም፤ ዓይናቸው ሣጥኑ ሥር ያለው መሬት ላይ ተተክሏል። ልጅቱ ይህን ስታይ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ምንይችልም አልሰሟትም ብሎ ደነገጠ።

አሚ ኸሊል እጃቸውን አነሡ። «ቁሚ።»

ቆመች።

«ሦስተኛዋ ክር» አሉ። «ወርዳለች።»

የሦስተኛዋ ክር መቃኛ ድንበሩን ሲሻገሩ ነው የተሰበረው። የሚሰማት ሰው ስለሌለ ሳታስጠግነው፣ ክሯ እንደ ወረደች፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በአባቷ ፊት ስትጫወት ኖራለች።

«አዎ አቡይ» አለች፤ «ወርዳለች።» መቃኛውን ልትይዝ ሞከረች፤ እንባዋ አላሳይ አላት። ምንይችል ፒንሳውን አንሥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። የተሰበረውን ጫፍ ይዞ በቀስታ አዞረ፤ ሩፊዳ ክሯን መታች።

«ጨምር» አሉ አሚ ኸሊል ዓይናቸውን ጨፍነው።

ጨመረ። መታች።

«ትንሽ ጨምር።»

ጨመረ። መታች።

«በቃ፣ ያ ኡስታ። እሷ ናት።»